ከሌዘሩ በፊት ምርመራው ይቅደም



ሰሞኑን ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ብሄድ ፊቷ ጠቁሮ አገኘኋት። «ሲስተር፣ የልጄን ዓይን በሌዘር ሊቆርጡት ነው አሉ! መነጽር እጥላለሁ ብላ ዓይኗን ልታጣ ነው» አለችኝ። ልጅቷ 22 ዓመቷ ነው፤ ሠርጓም ደርሷል።

እኔም ፍርሃቷን ላቅልልላት ብዬ አሠራሩን አስረዳኋት። ከዓይናችን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስተዋት ያለው ግልጽ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ላሲክ በሚባለው ሕክምና ከዚህ ሽፋን ላይ አንድ አምስተኛውን ያህል የሚሆን ስስ ክዳን ይወጣለታል፤ አንድ ጎኑ ግን ሳይቆረጥ ይቀራል። ቀድሞ ክዳኑ የሚወጣው በስለት ነበር። አሁን ግን ፌምቶሰከንድ የሚባለው ሌዘር ኮርኒያው ውስጥ እጅግ ብዙ ጥቃቅን አረፋዎችን ጎን ለጎን እየፈጠረ ሽፋኑን ያላቅቀዋል። ሐኪሙ ክዳኑን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጠዋል፤ ሌላ ሌዘር ከሥር ያለውን ቅርጽ ያስተካክላል፤ ከዚያ ክዳኑ ያለ ስፌት ወደ ቦታው ይመለሳል። ዓይኑም አስቀድሞ በጠብታ ይደነዝዛል።

ይህን ስትሰማ ፊቷ ፈካ አለ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር።

«ልጅሽ ዓይኗን ታሻለች?»

«ኧረ ከሕፃንነቷ ጀምሮ! አለርጂ አለባት እኮ።»

ይኼኔ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ኬራቶኮነስ ከሚባል በሽታ ጋር ይያያዛል። በዚህ በሽታ ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል። እንዲህ ባለ ዓይን ላይ ክዳን ማውጣት ያዘመመ ግድግዳ ላይ መስኮት እንደ መክፈት ነው፤ ዕይታው ይብስበታል። ሌዘሩ የቱንም ያህል አጥርቶ ቢቆርጥ፣ የትኛው ዓይን መቆረጥ እንደሌለበት አይነግረንም። የሚነግረን አስቀድሞ የሚሠራው የኮርኒያ ቅርጽና ውፍረት ምርመራ ነው።

ልጅቷ ተመረመረች፤ በሽታው ጀምሯታል። አልቅሳ አልቅሳ፣ በመነጽሯ ልትዳር ቆረጠች። ደግነቱ በጊዜ ስለተደረሰበት፣ እንዳይብስ ኮርኒያን የሚያጠነክር ሕክምና አለ።

ልጆቻችሁ ይህን ሕክምና ቢያስቡ እነዚህን ጠይቁ፦ 18 ዓመት ሞልቷቸዋል? የመነጽራቸው ቁጥር ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይለወጥ ቆይቷል? እርጉዝ ወይም የምታጠባ ከሆነች ትቆይ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉም ሐኪሙ በሚወስነው ጊዜ ከምርመራው በፊት ያውልቁ። ከሕክምናው በኋላ ዓይንን ማሸት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ብርቱ ምት ክዳኑን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። ላሲክ የተሠራለት ሰውም ከ40 ዓመት በኋላ የማንበቢያ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል።

አያቶች ሆይ፣ የልጅ ልጃችሁ ዓይኑን ሲያሽ ስታዩ «እንቅልፉ መጥቶ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ከደጋገመው ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።