ኪራይና የመንገድ ወጪ ለየብቻ ሲለኩ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ቤት ላገኘ ተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁንና ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ለቤትና ለታክሲ የሚከፍለው ከአንድ ኪስ ሲሆን፣ አዋጁ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ኬይን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ሥራ ወደ ዲትሮይትና ቺካጎ ዳርቻዎች ሲሸሽ ጥቁር ሠራተኞች በቤት ገበያው አድልዎ ሳቢያ ሊከተሉት እንዳልቻሉ አሳይቷል። ሐሳቡን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ መቅዳት ግን ያሳስታል። እዚህ ወደ ዳር የተገፋው በአመዛኙ ሠራተኛው ራሱ ነው፤ የቀን ሥራው፣ ተሸካሚነቱና ጉልቱ መርካቶና አካባቢው ቀርተዋል። ፋብሪካዎቹ ወደ ዳር በወጡባቸው በቦሌ ለሚና በቂሊንጦ ደግሞ አንዲት ክፍል ለብቻ መከራየት ለጀማሪ ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም፤ ለሦስት ለአራት ሆኖ መኖር የተለመደ ነው።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ባለዕድሉ የት እንደሚሠራ አይጠይቅም። መርካቶ የምትነግድ እናት ኮዬ ፈጬ ሊደርሳት ይችላል። ከመስከረም 2008 ጀምሮ የሚያገለግለው 34 ኪሎ ሜትር የቀላል ባቡር መስመር በምሥራቅ አያት ላይ፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ እስከ ደጇ አያደርሳትም። ስለዚህ ቤቱን አከራይታ የባንክ ዕዳዋን ትከፍላለች፤ ራሷ ለገበያዋ ቀረብ ባለ ደሳሳ ክፍል ትኖራለች። ይህ ዘወትር እንደ ትርፍ ፈላጊነት ሲወገዝ ይሰማል። ውግዘቱ ተገቢ አይመስልም፤ ሴትዮዋ ያደረገችው ፕላን አውጪዎቹ የዘለሉትን ስሌት መሥራት ብቻ ነው።

አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። በመዝገቡ ላይ የተከራዩ የሥራ አካባቢ፣ የአሠሪው ስም ሳያስፈልግ፣ በወረዳ ደረጃ ቢሰፍር የከተማዋ ትራንስፖርት ቢሮ ሠራተኛው ከየት ወደ የት እንደሚመላለስ ያውቃል፤ የአውቶቡስ ሥምሪትም በዚያ ይቃናል። በእርግጥ ግብር የሚሸሽ አከራይ ውሉን ራሱን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ተጨማሪ ጥያቄ ሽሽቱን እንዳያብስ ያሰጋል። ስለሆነም መረጃው ከአከራዩ ሳይሆን ከተከራዩ፣ በፈቃደኝነት፣ መጀመሪያም በሁለቱ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ቢሰበሰብ ይመረጣል።