ብራውዘሩ ካርድ ይቆጥባል፤ ምስጢርስ?

ሁርሶ ላይ ሆኖ የድሬዳዋን ገበያ በስልክ የሚከታተል ነጋዴ አዲስ ብራውዘር ሲጭን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ መልኩ አይደለም፤ «ካርድ ይበላል ወይ?» ነው።

በ1998 ዓ.ም. ለዓለም ገበያ የቀረበው ኦፔራ ሚኒ ለዚህ ጥያቄ የሚጥም መልስ አለው። ገጹን በኩባንያው ሰርቨር ጨምቆ፣ ከባዱን ፎቶ አሳንሶ ስለሚልክ ኔትወርኩ ሲደክምም ቶሎ ይከፈታል። ስንት ሜጋባይት እንደተረፈም ቆጥሮ ያሳያል። ለጀማሪ ደስ ይላል።

ሆኖም ቁጠባው ያለ ዋጋ አልመጣም። ከፍተኛው የቁጠባ ዘዴ ሲበራ የሚከፈተው ገጽ በሦስተኛ ወገን እጅ ያልፋል፤ ይኸውም በደላላ እንደመገበያየት ነው፤ ደላላ ደግሞ በመሐል ሆኖ ሁሉን ያያል። የባንክ ምስጢር ቁጥር በዚህ መንገድ ሊያልፍ አይገባም።

ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በድሬዳዋ ከጀመረ ወዲህ ነጋዴው የኢትዮ ቴሌኮምን ጥቅል ከሌላው ጋር አወዳድሮ መግዛት ይችላል። ስለሆነም ለጥቂት ሜጋባይት ሲባል ሂሳብን ማጋለጥ አያዋጣም። የሲሚንቶና የቡና ዋጋ በኦፔራ ሚኒ ይነበብ፤ ገንዘብ ሲላክ ግን የባንኩ የራሱ አፕ ይከፈት። ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ አይጣሉም።