ቀለም ብቻውን ለውድድር ሲቀርብ

በአማተር ፎቶ አንሺዎች ዘንድ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አንድ ምክር አለ፦ ውድድር ማሸነፍ የፈለገ ሰው አብስትራክት (የሚታወቅ ነገር የማያሳይ ፎቶ) አያስገባ። የአዛውንት ፊት፣ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ የቆመ ዛፍ፣ አፉን የከፈተ አንበሳ ነጥብ ያመጣሉ። በዛገ ቆርቆሮ ላይ ተልጦ የቀረ ሰማያዊ ቀለም ግን ዳኛውን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ከማሰኘት አያልፍም። ምክሩ ከልምድ የመጣ ስለሆነ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። የሚሰጠው ምክንያት ግን ሲመረመር አይጸናም። አብስትራክት የሚወድቀው መስፈሪያ ስለሌለው ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የፎቶ ዓይነቶች ይልቅ ጥብቅ መስፈሪያ ያለው እሱ ነው፣ የሚጥለውም የውድድሩ አካሄድ ነው እላለሁ።

እስቲ የአንበሳውን ፎቶ እንውሰድ። ዓይኑ ጥርት ብሎ ከወጣና ጥርሱ ከታየ በግራ ጥግ የገባውን ነጭ ድንጋይ ማንም ልብ አይለውም፤ ቢታይም ይቅር ይባላል። አንበሳ ነዋ! የሰው ፊትም እንዲሁ ነው። የአዛውንቷ ዓይን ተመልካቹን ይዞ ስለሚያስቀረው ከጀርባዋ የተዘበራረቀውን ነገር ይረሳዋል። ፎቶ አንሺው ያላገኘውን ነጥብ እሷ ታገኝለታለች። አብስትራክት ላይ ግን እንዲህ የሚያግዝ ባለውለታ የለም። የቀሩት ቀለም፣ መስመር፣ ብርሃንና አራቱ የፍሬም ጠርዞች ብቻ ናቸው፤ ቀዩ ወደ ጠርዙ ትንሽ ቢጠጋ ሚዛኑ ይናጋል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከማንኛውም ፎቶ ይልቅ የጠሩ ናቸው። ዓይን በየት ገብቶ የት ያርፋል? አንዱ ቀለም ጎረቤቱን ያነሳዋል ወይስ ያደበዝዘዋል? ከአንዱ ጎን ጥቂት ቢቆረጥ ፎቶው ይሻላል? መልሱ «ይሻላል» ከሆነ ፎቶ አንሺው ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነው። ሠዓሊውና መምህሩ ጆሴፍ አልበርስ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ ቀለም በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ ሲቀመጥ ሁለት ቀለም መስሎ እንደሚታይ በተከታታይ ልምምዶች አሳይቷል። ይህ ሊማሩት፣ ሊሞክሩትና ሊዳኙት የሚቻል እውቀት ነው።

ታዲያ ለምን ይወድቃል? በብዙ ክለቦች ፎቶው ስክሪን ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ይታያል፣ ሦስት ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ድምሩ ይነገራል፣ ቀጣዩ ይመጣል። በዚያች አጭር ጊዜ የሚቀናው ስሙ ቶሎ የሚጠራው ነገር ነው፤ አንበሳን አንበሳ ለማለት ማሰብ አያስፈልግም። የተራው ጉዳይም አለ። ደማቅ ብርቱካናማ የፀሐይ መጥለቂያ ሲያይ ለቆየ ዓይን ወዲያው ለስለስ ያለ ግራጫ ቢቀርብለት ግራጫው ወደ ሰማያዊ ያደላበታል። የዓይን ተፈጥሮ ነውና ዳኛው በዚህ አይወቀስም፤ ግን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ቀለሙ ብቻ ስንቁ የሆነውን ፎቶ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የድምር ነገር ነው። ነጥቡ ከ1 እስከ 9 ነው እንበል። አንዱ ፎቶ ከሦስቱም ዳኞች 6፣ 6፣ 6 ቢያገኝ ድምሩ 18 ነው። ሌላው አንዱን ዳኛ ከመቀመጫው አስነስቶ 9፣ ሁለተኛውን አጠራጥሮ 5፣ ሦስተኛውን አናድዶ 3 ቢያገኝ 17 ላይ ይቀራል። ማንም ያላፈቀረው አለፈ፤ አንድ ሰው የማይረሳው ወደቀ። አብስትራክት ደግሞ በባሕርይው ሰው የሚያከራክር ስለሆነ ከዚህ ስሌት ጋር አብሮ መኖር ይከብደዋል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ1934 የተቋቋመው የአሜሪካ ፎቶግራፍ ማኅበር እውቅና በሚሰጣቸው ብዙ ውድድሮች «የዳኛ ምርጫ» የሚባል ሽልማት አለ፤ እያንዳንዱ ዳኛ ድምሩ ምንም ይበል የራሱን አንድ ፎቶ ይመርጣል። ይህን ያላስገባ ክለብ ቢያስገባ ወጪው አንድ የምስክር ወረቀት ነው።

«ይሄ ሥዕልን መኮረጅ እንጂ ፎቶግራፍ አይደለም» የሚሉ አሉ። ለነዚህ ታሪኩን ማስታወስ ይበቃል። ፎቶ አንሺው አልቪን ላንግደን ኮበርን በ1916 ባወጣው ጽሑፍ «አብስትራክት ፎቶግራፍ» የሚል ዓውደ ርዕይ እንዲዘጋጅ ሐሳብ ሲያቀርብ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ የሚገርም ነው፤ የተነሣው ነገር ያልተለመደውን ከማድነቅ በላይ የሚስብ ከሆነ ፎቶው አይግባ ይል ነበር። በ1917 መስተዋቶችን እንደ ካሊዶስኮፕ አጋጥሞ ያነሣቸውን ፎቶዎች ያሳየው የለንደኑ ካሜራ ክለብ ውስጥ ነው። ክለብ ውስጥ! አብስትራክት ፎቶ ለካሜራ ክለብ እንግዳ ነው የሚለው አባባል እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቷል። ቀለሙ ትንሽ ቆይቶ መጣ። በ1935 ገበያ ላይ የዋለው የቀለም ፊልም ኮዳክሮም በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ብርሃን የመቀበል አቅሙ በአይኤስኦ መለኪያ 10 አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ስልካችን ያለ ሐሳብ ከሚጠቀምበት በብዙ እጥፍ ያንሳል። ፊልሙ ዘገምተኛ ስለሆነ የሚሮጥ ነገር ይደበዝዛል። ቪየና የተወለደው ፎቶ አንሺ ኧርነስት ሃስ ይህን እንደ ጉድለት ከመቁጠር ይልቅ ቀለም ራሱ ሲሮጥ ለማሳየት ተጠቀመበት፤ የበሬ ግጥሚያ ሲያነሣ ቀይ ጨርቁና አሸዋው ወደ ጅረት ተለወጡ። ላይፍ መጽሔት በ1953 የኒውዮርክ ፎቶዎቹን በ24 ገጽ አወጣለት፣ በ1962 ደግሞ የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የቀለም ሥራዎቹን ለብቻቸው አሳየለት። ያን ድብዝዝታ ብሩሽ አልፈጠረውም፤ የሻተሩ ፍጥነትና የፊልሙ ኬሚስትሪ እንጂ። ከዚህ በላይ ፎቶግራፍ የሆነ ነገር ምን አለ?

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ካሜራ እያወዛወዘ ሁለት መቶ ጊዜ ቁልፉን የተጫነ ሰው አንዱ በዕድል ይወጣለታል፣ ታዲያ የሚሸለመው ዕድሉ ነው ወይ? ዕድል አለበት፤ አይካድም። ነገር ግን ወፏ ዓሣውን ይዛ ስትነሣ ያነሣው ሰውም በሰከንድ ሃያ ፍሬም የሚያነሣ ካሜራ ይዞ ነበር፣ እሱን ማንም በዕድል አይከሰውም። ሁለቱም ጋ የሚለየው ከብዙ ፍሬም አንዱን አውጥቶ የቀረውን መጣል ነው፤ ያ ደግሞ ውሳኔ ነው። የወፏ ፎቶ አንሺ ለምርጫው የሚረዳው ነገር አለው፤ ዓሣው ታየ ወይስ አልታየም። የአብስትራክቱ አንሺ ግን ከሁለት መቶ ተመሳሳይ ጭረቶች አንዷን ሲመርጥ ከራሱ ዓይን በቀር ምስክር የለውም። ጥርጣሬ ያለው ውድድር ከአንድ ሰው አራት ወይም አምስት ፎቶ በአንድነት ይጠይቅ፤ ዕድል አራት ጊዜ አይደጋገምም።

ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ወዲህ ሦስተኛ ሙግት ተጨምሯል፤ ምንም የማይመስል ነገር ማሽን በቀላሉ ይሠራል፣ ስለዚህ አብስትራክት የማጭበርበሪያ በር ነው የሚል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በ2023 በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት በማሽን የሠራውን ምስል አስገብቶ አሸነፈና ሽልማቱን አልቀበልም አለ፤ ምስሉ የሁለት ሴቶች ፊት እንጂ የቀለም ጭረት አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት ማይልስ አስትሬይ የተባለ ፎቶ አንሺ በተቃራኒው ሄደ። ጭንቅላቷን ወደ ሆዷ የደበቀች ፍላሚንጎ እውነተኛ ፎቶ በሌላ ውድድር የማሽን ምስሎች ምድብ ውስጥ አስገብቶ ከተሸለመ በኋላ እውነቱን ሲናገር ተሰረዘ። ዳኞችን ያሳሳቱት በሁለቱም ጊዜ ስም ያላቸው ነገሮች ናቸው። የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ትልልቅ ውድድሮች ለመጨረሻ ዙር የደረሰን ሰው ጥሬ ፋይሉን ይጠይቃሉ፣ ለአብስትራክትም ያው ይበቃል። እንዲያውም አብስትራክት ከጥሬ ፋይል ጋር ሲቀርብ ክብሩ ይጨምራል። ዳሎልን ያስቡ፦ ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያለ ስፍራ፣ ከሥር የሚፈልቀው ጨዋማ አሲድ አረንጓዴ ሆኖ ይጀምርና በውስጡ ያለው ብረት ከአየር ጋር ሲገናኝ ወደ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ዝገት ቡኒ ይለወጣል። አድማሱ ተቆርጦ፣ ሰው ሳይገባበት የተነሣ የዳሎል ፎቶ «ሶፍትዌር ነው» ቢባል አይገርምም። ሶፍትዌር አለመሆኑ፣ እያንዳንዱ የቀለም ክበብ የብረቱን ዕድሜ የሚናገር መሆኑ ግን ሠዓሊው ሊኖረው የማይችል የፎቶ አንሺው ሀብት ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የምቀበለው ስለ ቀለም ጩኸት የሚነሣውን ነው። ለውድድር ከሚቀርቡት አብስትራክቶች ብዙዎቹ ቀለማቸው ዓይን እስኪያሳምም ተገፍቷል፤ ቅርጹ ያልያዘውን ዳኛ በድምፅ ለመያዝ ይመስላል። ቅጣቱም በራሱ ይመጣል። ውድድሮች በአብዛኛው ፋይል የሚቀበሉት ኤስአርጂቢ በሚባለው ጠባብ የቀለም ክልል ነው። ከዚያ ውጭ የተገፋ ቱርኩዋዝ ወይም ቀይ በውስጡ የነበረው ደረጃ ሁሉ ጠፍቶ አንድ ወጥ ለጥ ያለ ቀለም ይሆናል። ሰፋ ባለው የአዶቤ አርጂቢ ክልል ተቀምጦ ሳይለወጥ የተላከው ደግሞ ስክሪን ላይ ሞቶ ይታያል። መልክዓ ምድር ይህን ይቋቋማል፣ ተራራው ተራራ ነውና። ከሁለት ሐምራዊዎች ልዩነት ሌላ ነገር የሌለው ፎቶ ግን ልዩነቷ ስትጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን ሳያጣራ የላከ ሰው «ዳኞቹ አልገባቸውም» ለማለት መብት የለውም።

ሕዝባችን እንዲህ ያለውን አይረዳም የሚል ጨዋ የሚመስል ንቀትም ይሰማል። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ ተመልሶ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ሲያሳይ የገጠመው ሙግት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ሸለመው፣ ዛሬ ስሙ የሙዚየም ስም ነው። ደግሞስ መሶብ ላይ የተሰፋውን ቅርጽ አይቶ «ይሄ የምን ምስል ነው?» ብሎ የጠየቀ እንግዳ ማን አለ? ሁሉም ቀለሙ ተስማማ ወይም አልተስማማ ይላል እንጂ። ለዚህ ነው አብስትራክት የራሱ ምድብ ይሰጠው የሚለው ሐሳብ ብዙ የማይማርከኝ። ዓለም አቀፉ የአትክልት ስፍራ ፎቶግራፍ ውድድር ለምሳሌ እንዲህ ያለ ምድብ አለው፣ ለጀማሪም መድረክ ይሆነዋል። ግን ምድቡ ሲለይ የአንበሳው ዳኛ ስለ ጠርዝና ስለ ቀለም የመጠየቅ ግዴታው ይቀርለታል፤ አብስትራክቱም እርስ በርሱ ብቻ እየተለካ ይሰንፋል። በአጠቃላዩ የቀለም ምድብ ገብቶ አንዳንዴ መሸነፍ ይሻለዋል።

የሚቀረው የርዕስ ነገር ነው። «ሕልም ቁጥር 3»፣ «የነፍስ ጩኸት» የሚሉ ርዕሶች ፎቶው ያልሠራውን ሥራ እንዲሠሩ የተላኩ ናቸው፣ ልምድ ያለው ዳኛም ሲሰማቸው ይጠነቀቃል። «የጀልባ ጎን» ወይም «የሐረር ግድግዳ» ማለት ይበልጣል፤ እውነት ነው፣ አይለምንም። እሱም ቢሆን ችግር አለበት። ከነጥቡ በፊት ሲነበብ ፎቶው ወደ እንቆቅልሽ ይለወጥና ዳኛው ቀለሙን ማየት ትቶ ጀልባውን መፈለግ ይጀምራል። ካገኘው ደስ ብሎት ነጥብ ይጨምራል፣ ካጣው ይቀንሳል፤ በሁለቱም ፎቶውን አልዳኘም። አዘጋጆች ርዕሱን ከነጥቡ በኋላ ቢያነቡት፣ ለአንበሳውም ጭምር፣ ደንቡን በአንድ መስመር ከመለወጥ በላይ የሚጠይቃቸው ነገር የለም።