«ብርድ ነው» የሚባል በሽታ የለም

 

ባሌን የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ። ሳኔቲ ላይ በረዶ ጥሎ ሜዳው ነጭ በሆነ ቀን ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሻገር ሾፌር ዳር ይዞ ይቆማል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ማታ ላይ ፎቶው የሁላችንም ስልክ ውስጥ ይገባል። «ይሄ የምር ኢትዮጵያ ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ከዓመታት ድርቅ በኋላ ሰማዩ ሲከፈት ደግሞ ማን የማይደሰት አለ?

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ፎቶው አይደለም። በዚያው ምሽት፣ እዚያው አካባቢ፣ በር ተዘግቶ፣ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፎ፣ የከሰል ማንደጃው ወደ ውስጥ ሲገባ ስለሚሆነው ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ እርጥብና ቀዝቃዛ ወቅት ሲመጣ ብዙ ሰው የሚጎዳው በብርዱ ብቻ ሳይሆን «ብርድ ነው» ተብሎ በሚታለፈው ነገር ነው። የሚያልፈው ደግሞ ሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ እኛ ሐኪሞችም ጭምር ነን።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በአንድ ደጋ ከተማ ተመድቤ ነበር። ሰሞኑን ዝናቡ ለቀናት አላባራም። ተመላላሽ ክፍሉ ከጠዋት እስከ ማታ በሚያስሉ ሰዎች ተሞልቷል። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ ገባች። ሦስቱንም ራስ ምታት ይዟቸዋል፣ ያዞራቸዋል፤ ትንሿን ልጅ ሁለት ጊዜ አስመልሷታል። ትኩሳት የለም። ሳልም የለም። «ዶክተር፣ ብርድ መታን» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ሰሞኑን ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው» ብዬ ፓራሲታሞል ጻፍኩላቸው። በር ላይ ሲደርሱ ምን ብዬ እንደሸኘኋቸው እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «በሩን ዘጋግታችሁ፣ ሞቅ ብሏችሁ ተኙ፣ እሺ?»

ሊነጋ ሲል ጎረቤቶች ተሸክመው አመጧቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በኦክስጅን ታክመው ሦስቱም ተረፉ። በኋላ ስንጠይቅ ዝናቡ ከጠናበት ቀን ጀምሮ ማንደጃውን ውስጥ አስገብተው ነበር የሚያድሩት። አስቡት፦ ትኩሳትና ሳል የሌለው፣ የአንድ ቤት ሰዎችን በሙሉ በአንድ ጊዜ የያዘ ራስ ምታት! ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ላይ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ?» አልጠየቅኩም። ለምን? «ብርድ» የሚለው መልስ ከጥያቄው ቀድሞ ስለተሰጠኝ። እኔም ስለተቀበልኩት።

ቋንቋችን ላይ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በዕለት ንግግራችን እንደ ጠጠር እየተወረወረ ለሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ ሳኔቲ ላይ ለሚነጠፈውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚረጋውም የምንለው «በረዶ» ነው። ያ ችግር የለውም። «ብርድ» ግን እንዲሁ ሆኖብን ጉንፋኑም፣ ሳንባ ምቹም፣ የከሰል መመረዙም፣ የጨቅላ ሕፃን መቀዝቀዙም በአንድ ስም ሲጠራ ሰው ያልፋል። የእያንዳንዱ መዳኛ ለየቅል ነው እኮ።

ብርዱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ፤ ሳኔቲ ከ4,000 ሜትር በላይ፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር። በበጋው ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ነገር ግን ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ታድናለች። ዝናብ ሲደራረብ ግን ፀሐይዋም የለችም፤ ልብስ አይደርቅም፣ እንጨት አይደርቅም፣ ግድግዳው ራሱ ይረጥባል። ውኃ ሙቀትን ከሰውነት የሚነጥቀው ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ፈጥኖ ስለሆነ፣ እርጥብ ልብስ ለብሶ መቀመጥና ደረቅ ልብስ ለብሶ መቀመጥ አንድ አይደለም። ብርዱ እውነት ነው። የምለው፣ ብርድ የአየር ጠባይ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ድርቅን ከዚህ ጋር ያገናኘሁት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና፣ በባሌ ቆላና በሶማሌ ክልል አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። ከብቱ አለቀ፣ ሰው ተፈናቀለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከባሌ ዞን፣ ከሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሳው ኮሌራ ደግሞ ወደ ሌሎች ብዙ አካባቢዎች ተዛመተ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጣ ብቻ ሳይሆን በጥቅምትና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ኤልኒኞ ታክሎበት ጎርፍ ሆኖ መጣ። ትናንት ውኃ አጥቶ የተሰደደ ሰው ዛሬ ከውኃ ሸሽቶ ተሰደደ።

ከብት አርቢ ወገኖቻችን አንድ የሚያውቁት ነገር አለ። በድርቅ የከሳች ላም ድርቁን ችላ ታልፍና የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ዝናብ ሲመታት ትወድቃለች። ታዲያ ዝናቡ ነው የገደላት? አይደለም። የሚያሞቃት ስብና ሥጋ ቀድሞ አልቆ ነው። አባቶቻችንስ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ለምን ይመስላችኋል? ብርድን የሚችለው የበላ ሰውነት መሆኑን ስላወቁ ነው። ልጅም እንዲሁ ነው። ሲራብ ከርሞ ዝናቡ ላይ የደረሰ ልጅ «ብርድ መታው» ቢባል የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው የተነገረው።

እንግዲህ «ብርድ» ከሚለው ቃል ጀርባ ከሚደበቁት ውስጥ ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

1. ከሰል

ብዙዎቻችሁ «ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» ስትሉ እሰማለሁ። በጣም አደገኛ ስህተት ነው! የሚገድለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። የቀላ ፍምም ያወጣዋል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። በከፍታ ቦታ ደግሞ አየሩ ቀድሞውንም ሳስቷል፤ ሮቤ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ፅንሱ ከእናቱ በላይ ይጎዳል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ከቤት ሲወጣ ከቀለለውና ሲመለስ ከባሰበት ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ከፍታችሁ ሁሉም ሰው ይውጣ፤ ማንደጃው ከዚያ በኋላ ይወጣል። ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱና «ከሰል ነበር» በሉ። ይህን መናገራችሁ ትልቅ ነገር ነው። ጣት ላይ የምናደርገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ይታለላል፤ ሰውየው እየታፈነ «ደህና ነው» ብሎ ሊያነብ ይችላል።

2. ሳንባ ምች

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ ከ740,000 በላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል። የቤት ውስጥ ጭስ ደግሞ ልጆችን ለዚህ በሽታ የማጋለጥ ዕድሉን በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ዝናብ ሲበዛ እንጨቱ ይረጥባል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሰው በአንድ ክፍል ይታጨቃል፣ ጉንፋኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ታዲያ ልጁን የመታው ብርድ ብቻ ነው?

መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ እያለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኖ እየተነፈሰ ነውና የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት ወይም ውኃ እምቢ ካለ፣ ከነቃ በኋላም ከፈዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ነገ አትበሉ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ደግሞ ትኩሳት ላያሳይ፣ ለማሳል እንኳ አቅም ሊያጣ ይችላል። «አያተኩሰውም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

3. የጨቅላው መቀዝቀዝ

እዚህ ላይ ብርዱ ራሱ ጥፋተኛ ነው፤ ግን መፍትሔው ከሰል አይደለም። አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ በተለይ ክብደቱ ያነሰ፣ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ወዲያው አድርቁት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ዳይፐርና ካልሲ ብቻ አድርጎ ሌላ ልብስ ሳይለብስ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አያይዛችሁ ከላይ በጋቢ ሸፍኑት። ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ገላውን ቢያንስ ለ24 ሰዓት አትጠቡት። የእናት ደረት ጭስ የሌለው ምድጃ ነው።

ለአዋቂዎችም አንድ ቃል ልጨምር። አረቄ አያሞቅም! የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚከፍት ሙቀት የሚሰማን ቢመስለንም ሙቀታችንን ወደ ውጭ እያፈሰስን ነው። ከመኝታ በፊት ትኩስ ገንፎ ወይም ጩኮ ብሉ፣ እርጥቡን ልብስ ቀይሩ፣ ራስና እግር ይሸፈን፣ ተጠጋግታችሁ ተኙ። ማንደጃ የግድ ካስፈለገ በርና መስኮት ክፍት ሆነው ቆዩ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ውጭ ይደር። ሕፃን ባለበት ጨርሶ አይግባ።

አሁን ወደ አስተያየቴ ልመለስ። «ከሰል አታስገቡ» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ እኔ ብርድ ልብስ ደርቤ ነው የምጽፈው። መስኮት የሌለውን አንድ ክፍል ተከራይታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ልጆቿ እየተንቀጠቀጡ ለምትመለከት እናት ግን ምክሬ ብቻውን ቀልድ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሌሎቻችንም የምለው አለኝ።

ሮቤና ጎባ ቤት ለምታከራዩ፦ ከቆላ መጥቶ ብርዱን ለማያውቀው ተማሪ መስኮት የሌለው ክፍል ስታከራዩ፣ ብርድ ሲብሰው ከሰል እንደሚያስገባ ታውቃላችሁ። ከጣሪያው ሥር አየር ማስገቢያ ማበጀት ብዙ ወጪ የለውም።

እርዳታ ለምታስተባብሩ፦ ከድርቅ በኋላ ለመጣ ዝናብ እህልና ዘይት ብቻ አይበቃም። ብርድ ልብስ፣ የመጠለያ ሸራ፣ የሕፃን ኮፍያ፣ ውኃ ማከሚያም ከእህሉ እኩል ይጫን።

ለሚመለከታቸው አካላት፦ የአየር ትንበያ ስንሰማ አብሮ የሚነገረን ስለ ማሳና ስለ ሰብል ነው። ጥሩ ነው። «ብርዳማና ዝናባማ ሳምንት ይሆናል» ሲባል ግን «ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ፣ የልጆቻችሁን ትንፋሽ ቁጠሩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛም በኦሮምኛም ቢጨመር ምን ያስከፍላል? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ትንፋሽ መቁጠር ያውቃሉ፤ እናቶችን ከዝናቡ በፊት እንዲያስተምሩ ጊዜ እንስጣቸው።

ለእኛ ለሐኪሞች ደግሞ፦ ወረፋው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም በብርድ ወቅት ራስ ምታት ብሎ ለሚመጣ ሁሉ ያችን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። አሥር ሰከንድ አትወስድም። እኔ አሥር ሰከንድ ቆጥቤ ሦስት ሰው ላጣ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ብርድ መታኝ» የሚለኝን ሰው አልከራከረውም። «እሺ፣ ብርድ ይሁን። ቤት ውስጥ ምን ታነዳላችሁ? ሌላስ የታመመ ሰው አለ?» እላለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ደጋ ላለችው እናታችሁ፣ እህታችሁ ወይም ተማሪ ወንድማችሁ ደውሉና ይህንኑ ጠይቁ። ባሌ ይሁን ደብረ ብርሃን፣ ጥያቄው አንድ ነው።

ዝናቡ የበረከት ይሁንልን። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉ።

ጤናችሁ ይብዛ!