«ትንሽ ችግር አለች»

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቱ አይደለም። ወጣቱ ስለ እኛ የሚለውን ብሏል፤ ገናም ይላል። የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ መሥሪያ ቤት መርታችሁ ጡረታ ለወጣችሁ፣ የእድር ሰብሳቢ ለሆናችሁ፣ በሰበካ ጉባኤና በመስጊድ ኮሚቴ የፊት ወንበር ለምትቀመጡ፣ ለሽምግልና ለምትጠሩ፣ ባሕር ማዶም ሆናችሁ የማኅበር ሊቀመንበርነትን ለዓመታት ይዛችሁ ለቆያችሁ። ቀኑ መሽቶብናል። በመሸበት ሰዓት መሸፋፈን አይገባንምና የፈራሁትን በግልጥ እናገራለሁ፤ ሰው እውነቱን የማይነግረን ሽማግሎች እየሆንን ነው። ዝም እንዲሉን ያስተማርናቸውም እኛው ነን።

አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የአገሩን ልብ ማወቅ የፈለገ ገዢ፣ አጠገቡ የቆመውን ባለሟል ትቶ ከብት ጠባቂው ልጅ በሜዳ የሚያንጎራጉረውን ያስጠይቅ ነበር ይባላል። ባለሟሉ የሚለውን አስቀድሞ ያውቀዋል። እረኛው ግን የሚያጣው ሹመት የለውም፤ እናትና አባቱ ማታ እሳት ዳር የተነጋገሩትን ሳያስበው በዜማ ያወጣዋል። በዚህ ልማድ እኔን የሚያስገርመኝ የእረኛው ድፍረት አይደለም፤ ጠያቂው ራሱን ማወቁ ነው። «ጆሮዬ የሚደርሰው ሁሉ ተጣርቶ ነው» ብሎ የሚጠረጥር ሰው ገና አልጠፋም።

የእኛ ትውልድ ይህ ጥያቄ ሲረሳ የሚሆነውን ሁለት ጊዜ በዓይኑ አይቷል።

የመጀመሪያው የወሎው ረሃብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት ልደታቸውን በሐምሌ 1964 አከበሩ። በ1965 የወሎ ገበሬ ከብቱን ሸጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ልጆቹን አዝሎ ወደ አስፋልቱ መንገድ ወጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወርደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንስተው መጡ፤ ፎቶግራፉም አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ታየ። መንግሥት ግን ነገሩ ስሙ እንዳይጠራ ይከላከል ነበር። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ጃንሆይ ወሎን የጎበኙት ከዚያ በኋላ በኅዳር ነበር። በመሃሉ ያለቀው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

በዚያው ዓመት ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች አመፁ። አመፁ የተነሳው ከውኃና ከምግብ ነው። የወታደሩ የውኃ ጉድጓድ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናጠጣም አሉ። ነገሩን እንዲያጣራ ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራል ወታደሮቹ ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ይህን ታሪክ ስሰማ ወጣት ነበርኩና ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ያሳዝነኛል። አንድ ጄኔራል ወታደሩ የሚጠጣውን ውኃ ለማወቅ መታሰር ነበረበት።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የረሃቡ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቀጣጥሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር 14 ደግሞ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ አብዛኞቹ የቀድሞው መንግሥት ሹማምንት ነበሩ። እኛ ያን ጊዜ የረሃቡ ዝምታ የክፉ ሰዎች ሥራ መስሎን ነበር። ክፉዎቹ ሲወገዱ ዝምታውም አብሮ የሚቀበር መሰለን።

10 ዓመት ቆየን። በወሎው ረሃብ ማግስት የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ያን ሰሞን ግን አዲስ አበባ የምትዘጋጀው ለሌላ ነገር ነበር። ፓርቲ ሊመሠረት፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሊከበር ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ የትግላችን ሐውልት ቆመ። መስከረም 2 ቀን 1977 ሰልፉ አለፈ። ጥቅምት 13 ቀን ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ሥዕል በቢቢሲ ወጣ፤ ዓለምም ደነገጠ። የሟቹ ቁጥር ከ400,000 እስከ 1,000,000 ይገመታል። በግብዣ የተሸፈነ ረሃብ ብለው አሮጌውን መንግሥት የከሰሱት ሰዎች፣ በ10 ዓመታቸው በበዓል የተሸፈነ ረሃብ ውስጥ ተገኙ። ሰዎቹ ተለውጠዋል። ወንበሩና ወንበሩ በጆሮ ላይ የሚያደርገው ግን አልተለወጠም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሌላ ሰው ታሪክ እንደማወራ ብታስቡ ተሳስታችኋል።

በዚያው በ1976 በሰሜን፣ በአንድ የአውራጃ ከተማ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። አንድ ወጣት ባልደረባዬ ሁለት ሳምንት በእግሩ ቆላውን ዞሮ ተመለሰ። ሪፖርቱ አራት ገጽ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ረሃብ ገብቷል» ብሎ ጽፏል፤ በሦስት ቀበሌዎች ስንት ቤት ባዶውን እንደተዘጋም አንድ በአንድ ቆጥሮ አስፍሯል። እኔ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁና «ረሃብ» የሚለውን ሰርዤ «ጊዜያዊ የምግብ እጥረት» አልኩት። የተዘጉትን ቤቶች ቁጥር አውጥቼ «አንዳንድ አባወራዎች» የሚል አገባሁበት። ማንም አላዘዘኝም። ስልክ አልተደወለልኝም፤ ሰርኩላርም አልመጣልኝም። የአለቃዬን ፊት በሐሳቤ አየሁና፣ ገና ሳይቆጣኝ ፈራሁት። ልጁን አስጠርቼ «ቃላት መምረጥ ልመድ» አልኩት። «እሺ ጓድ» ብሎኝ ወጣ።

ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ልጁ እኔ እስከተዛወርኩበት ቀን ድረስ ከጻፋቸው ሪፖርቶች አንዱም ቀይ እስክሪብቶ አልፈለገም። ያማሩ ነበሩ። በየስብሰባው «ይህ ልጅ በስሏል» እያልኩ አመሰገንኩት። አለመብሰሉን የምጠላበት፣ መብሰሉን የምወድበት ምክንያት ምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም። ሰው እውነቱን ይዞ ወደ አለቃው የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ብዙ ከታገሠ ሁለት ጊዜ። ፊታችሁን ያያል። ከዚያ የሚያመጣላችሁ እናንተ የወደዳችሁትን ነው። እናንተም የተከበራችሁ ይመስላችኋል።

ሌላም ልነግራችሁ የምፈልገው አለ፤ እሱም ስለ አነጋገራችን ነው። ታናሽ ለታላቅ መጥፎ ወሬ ሲያደርስ ነገሩን አሳንሶ፣ አለስልሶ፣ በሴት ጾታ ጠርቶ ነው። «ትንሽ ችግር አለች» ይላል። ገንዘብ ሲጎድል «ትንሽ የሒሳብ ነገር ነበረች» ይላል። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ሲላችሁ «አይሆንም» ማለቱ ነው። ዓይኑን ሰብሮ «ይሁን» ካለ ተቀይሟል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ካለ አላመናችሁም። ይህ ግብዝነት አይደለም፤ ያደገበት ጨዋነት ነው። ሰሙን የሚሰጣችሁ ወርቁን ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ ብሎ ስላከበራችሁ ነው። ዕድሜ የተሰጠን፣ ሽማግሌ የተባልነው ለዚህ ነበር። እኛ ግን ሰሙን ተቀብለን ወርቁን እየጣልን ሄድን። «ትንሽ ችግር» ሲባል በእርግጥ ትንሽ መስሎን እንቅልፋችንን ተኛን። ነገሩ ሲፈነዳ ደግሞ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለን ጮኽን። ነግረውን ነበር። በሚችሉት ቋንቋ ነግረውናል።

እኛስ ስንናገር? የመሪ አማርኛ ምን እንደሚመስል አድምጡ። «ክፍተቶች ታይተዋል።» «አንዳንድ ስህተቶች ተፈጽመዋል።» የፈጸመው ማን ነው? ባለቤት የሌለው ግስ እንደ ጉም ጉባኤው ላይ ይወርዳል፤ ሁሉም ይደበቅበታል። «ተሳስቻለሁ» አንድ ቃል ናት። በሃያ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኔ በሰዎች ፊት የተናገርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ተናግሬ ቢሆን አልረሳውም ነበር። የበታቾቼን ሳመሰግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ስወቅሳቸው ግን ከአንጀቴ። እነርሱም ይህን ያውቁ ነበር። ሰው የተነገረው ቃል ከየት እንደወጣ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም።

ራስን መመርመር ሲነሳ «ሂስና ግለ ሂስ አድርገናል፣ ግምገማም ተቀምጠናል» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ተቀምጫለሁ። በዚያ አዳራሽ የሆነው ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ትልቁን ለመደበቅ ትንሿን ጥፋት ያወጣ ነበር፤ ጓደኛውንም ራሱን ለማትረፍ ይሰጥ ነበር። በዚያ የተማርነው ምርመራ ሳይሆን ትወና ነው። ያን መራራ ትዝታ ይዘን ነው ዛሬ ልጆቻችን «እስቲ ራስህን ጠይቅ» ሲሉን የምንቆጣው። የንስሐ አባት ፊት የሚቀርብም፣ ከሶላት በኋላ ብቻውን ቀኑን የሚቆጥርም ሰው ያውቀዋል፤ እውነተኛው ምርመራ ጭብጨባ በሌለበት፣ ቃለ ጉባኤ በማይያዝበት ነው የሚጀመረው። እዚያ ከተጀመረ በኋላ ግን ወደ ሰው መውጣት አለበት። በልብ ብቻ የቀረ ጸጸት ለተበደለው ሰው ምኑም አይደለም።

ዘንድሮም አልዳንኩም። በእድራችን ወርኃዊ መዋጮ ላይ ጭማሪ አቅርቤ ነበር። አንዲት መበለት ተነሥተው «እንግዲህ ሰብሳቢው ካሉ… ለአንዳንዶቻችን ትንሽ ትከብዳለች» አሉ። እኔ ስለ ድንኳኑ እርጅና፣ ስለ ወንበሮቹ ዋጋ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አሥር ደቂቃ ተናገርኩ። ጭማሪው በድምፅ ብልጫ አለፈ። ስንመለስ ደግፋ ይዛኝ የነበረችው ልጄ «አባዬ፣ እትዬ ሲናገሩ እርስዎ መዝገቡን ያገላብጡ ነበር» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። በሦስተኛው ወር የእኚያን ሴት ስም ከቀሪዎች ዝርዝር ላይ አየሁት። እድር የሚያስፈልጋቸው ከሁላችንም በላይ እሳቸው ናቸው። በ1976 አራት ገጽ ሪፖርት አበላሸሁ፤ ዘንድሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተነገረኝን አልሰማሁም። በመካከሉ አርባ ዓመት አለፈ፤ ጆሮዬ ያው ነው።

ስለዚህ ነው የማስጠነቅቃችሁ። አገራችን አሁን ባለችበት ሁኔታ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ሲጋጩ የሚያስታርቅ፣ ሲከፋ የሚያጽናና ይፈለጋል። እኛ ግን እውነት የማይደርሰን ከሆንን የምናስታርቀው ያልሰማነውን ጠብ ነው፤ የምናጽናናውም ያላወቅነውን ሐዘን ነው። ወጣቶቹ ጥለውን ሲሄዱ «ትውልዱ ተበላሸ» እንላለን። ምናልባት አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። ምናልባት ፊታችንን አይተው ተመልሰዋል። ከእናንተ መካከል ባለፈው አንድ ዓመት «ተሳስተዋል» የተባለ ካለ እጁን ያውጣ። ማንም ያላለው ከሆነ፣ ስላልተሳሳተ አይደለም።

ለበታቻችሁ፣ ለልጃችሁ፣ ለእድርተኛው ጥያቄ አቅርቡ፤ ጠይቃችሁም ዝም በሉ። መልሱ ሲመጣ አትከላከሉ፣ አታስረዱ፣ «ነገሩ እንኳ እንዲህ ነው» አትበሉ። «ትንሽ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ወንበራችሁን ቀረብ አድርጋችሁ «ትንሿን ንገረኝ» በሉት። የነገራችሁ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ምን እንደደረሰበት ሌሎቹ ያያሉና፣ እሱን ጠብቁት።

ያን ሪፖርት የጻፈውን ልጅ ባለፈው ወር አገኘሁት። እሱም ጡረታ ወጥቷል፤ ፀጉሩም ነጭቷል። ቤቱ ሄጄ ቡና ተፈላልኝ፤ ትራስ ደርበው ጥሩ ቦታ አስቀመጡኝ። በሁለተኛው ሲኒ ላይ የቀዩን እስክሪብቶ ነገር አነሳሁና «በድዬሃለሁ፤ በአንተ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ቤቶችም» አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜ ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «ተዉት ጋሼ፤ ትንሽ ነገር ናት፤ ረስቼዋለሁ» አለኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና እሄዳለሁ።