ሳይቃጠል በቅጠል፤ የዋግ በለስና ባለቤት ያጣው ተባይ

በዋግ ኽምራ በለስ ጌጥ አይደለም። ከሰቆጣ እስከ ጋዝጊብላ የጓሮ አጥር ነው፤ ተዳፋቱን ከመሸርሸር ይጠብቃል፤ በበጋ እሾሁ ተለብልቦ ለከብት ይሰጣል፤ ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ደግሞ ፍሬው ለልጆች ቁርስም ምሳም ይሆናል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ለመታው አካባቢ፣ ውኃ አጠራቅሞ የሚኖር ተክል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እንግዲህ ይህን ተክል የሚያደርቅ ተባይ ከጎረቤት ሲርመሰመስ ዝም ብሎ ማየት ይገባል ወይ? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ተባዩ ኮቺኒል ይባላል። በበለስ ቅጠል ላይ እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሲጨፈለቅ ደም የመሰለ ቀለም ይወጣዋል። ካርሚን የተባለው ይህ ቀለም ለምግብ፣ ለመጠጥና ለከንፈር ቀለም መሥሪያ በዓለም ገበያ ይፈለጋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ደቡብ ትግራይ የገባውም በድንገት ሳይሆን፣ ለገበሬው ገቢ ያስገኛል ተብሎ ሆን ተብሎ ነው። አንድ የውጭ ኩባንያም በሥራው ገብቶበት ነበር። ሥራው ሲቋረጥ ግን ለቃሚ ያጣው ተባይ ከተመደበለት ስፍራ አልፎ የራያን በለስ እያደረቀ ተዛመተ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ማለት ይህ ነው።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በደቡብ ማዳጋስካር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የኮቺኒል ወገን የሆነ ተባይ ተለቆ የአርብቶ አደሮቹን ቁልቋል ሲጨርሰው፣ ከብት አለቀ፤ ረሃብም ተከተለ። በሞሮኮም እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው ሌላው የኮቺኒል ወገን በጥቂት ዓመታት ሰፊ የበለስ ማሳ አወደመ፤ አገሪቱ የተበከለውን ነቅላ፣ ተባዩን የሚቋቋሙ 8 ዝርያዎችን መርጣ ወደ መትከል ገባች።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የነፍሳት ባለሙያ አይደለሁምና ጉዳዩን ከሕግ አንፃር ልየው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው አምልጦት እንኳ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ኮቺኒል ትርፍ ይገኝበታል በተባለ ጊዜ ባለቤት ነበረው፤ ጉዳት ሲያደርስ ግን ባለቤት አልባ ሆነ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮአቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መብቱ በወረቀት አለ። ነገር ግን ከውል ውጪ ለሚደርስ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ በቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ብቻ ነው። ተባይ ቀስ እያለ ከአጥር ወደ አጥር ይሄዳል። ገበሬው ከማን አጥር እንደመጣበት እስኪያረጋግጥ ይርጋው ይቀድመዋል። ስለዚህ ከካሣ ይልቅ መከላከል ይሻላል የምለው ሕግን ንቄ ሳይሆን አቅሙን አውቄ ነው።

መከላከሉስ እንዴት ይሁን? የኮቺኒል እንስት ክንፍ የላትም። አዲስ የተፈለፈሉት በነፋስ፣ በከብት ገላና በልብስ ተሳፍረው ይሄዳሉ፤ ሩቅ አገር የሚሻገሩት ግን በአብዛኛው ሰው ለመኖና ለተከላ በሚያጓጉዘው ቅጠል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ተባዩ ከታየበት ቦታ ቅጠል እንዳይወጣ መከልከል ነው። ሁለተኛው ነጩን ነገር ያየ ገበሬ ቅጠሉን ቆርጦ በዚያው እንዲቀብር ወይም እንዲያቃጥል ማስተማር ነው። ወደ መርጨት መሮጥ አያዋጣም። ነጩ ሰም ተባዩን ስለሚሸፍነው መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም፤ ፍሬውን ደግሞ ልጆች ይበሉታል፣ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች። አዋጅ ቁጥር 674/2002ም ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መጠቀምን ይከለክላል።

ከተሜው አንባቢ «ይህ የገጠር ጉዳይ ነው» እንዳይል ማንጎን ላስታውሰው። ነጭ የማንጎ ተባይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ በአንድ እርሻ ላይ ነበር። ዛሬ በየጓሮው ያለውን ማንጎ እያጠቃ ነው። ከየትም የተገዛ ችግኝ የቅጠሉ ጀርባ ሳይታይ ወደ ግቢ መግባት የለበትም።

ለጋዝጊብላ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በየቀበሌው በለስ የሚያይ ሰው ይመድብ፤ የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል ተባዩን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከወዲሁ ይፈትሽ። ሁለቱ ክልሎችም ፖለቲካው ቢያራርቃቸው እንኳ ተባይ በታየ ቁጥር ይነጋገሩ፤ ተባይ የክልል ወሰን አያውቅምና። ወደፊትም ባዕድ ፍጥረት ለትርፍ የሚያስገባ ሁሉ፣ ቢያመልጠው ማጥፊያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያስይዝ ሕግ ይውጣ። አለበለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።