የእህቴ ልጅና ኮምፒዩተሩ

ባለፈው ጥር አጋማሽ ላይ የእህቴ ልጅ ከአንበሳሜ ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ከቤቴ ድረስ መጣ። በአንድ እጁ እናቱ የላከችልኝን ቆሎ፣ በሌላው ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ የዕቃ ዝርዝር ነው። ልጁ ሁለት መኸር ሙሉ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲያጭድና ሲወቃ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ መምጣቱ ነው፤ በዚያም ላይ እናቱ አንድ ወይፈን ሸጣ ጨምራለታለች።

«ጋሼ» አለኝ፤ «ጌም የምጫወትበት ኮምፒዩተር በገዛ እጄ ልገጣጥም ነው። እንዳያታልሉኝ አብረውኝ ይሂዱ።»

ጌም ብሎ በግልጥ መናገሩን ወደድሁለት። ሌላው ቢሆን ለትምህርት ነው ይለኝ ነበር። ማታውን እህቴ ደወለችና፣ «ወንድምጋሼ፣ ወይፈኑ ተመልሶ አይገዛም፤ ዕቃውን አስተውለህ አስገዛው» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ የእኔም ዕዳ ሆነ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ኮምፒዩተር መገጣጠም ማለት ኮምፒዩተር መሥራት ማለት አይደለም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ባሠሩበት ዘመን ብረቱ የቀለጠው፣ ቅርጹም የወጣው እዚያው ነበር። የዛሬው ልጅ ግን ሁሉም ነገር ተሠርቶ ይቆየዋል፤ የእርሱ ሥራ መምረጥና ማገጣጠም ብቻ ነው። ማገጣጠሙ ደግሞ በአንድ ጠመንጃ መፍቻ፣ ይቅርታ፣ በአንድ ብሎን መፍቻ የሚያልቅ ቀላል ሥራ ነው። ሰው የሚከስረው በመምረጡ ላይ ነው።

ወረቀቱን ዘርግቼ አየሁት። በመጀመሪያው መስመር ላይ የተጻፈው «ኬዝ» የሚሉት ሣጥን ነው፤ ፊቱ መስተዋት፣ ውስጡም በየቀለሙ የሚያበሩ አራት ማራገቢያዎች ያሉት። በሁለተኛው መስመር ግራፊክስ ካርድ አለ፤ ብቻውን ከገንዘቡ ግማሽ በላይ የሚበላ። ለቀሩት ዕቃዎች ሁሉ የተረፈው ትርፍራፊ ነበር። ኤሌክትሪኩን ለያንዳንዱ ክፍል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ከሁሉ በታች «ማንኛውም ዐይነት» ተብሎ ተጽፏል።

እኔም፣ «ልጄ፣ የምትጫወተው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ይህ ጥያቄ ከዋጋ በፊት የሚመጣ ነው። ኳሱንና ጂቲኤ 5ን አለኝ፤ እነዚያ ከተሟሉለት በኋላ ሌላው ቢቀርም ቅር አይለውም። እንግዲህ ጂቲኤ 5 ለኮምፒዩተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሠሪዎቹ ለደኅና ጨዋታ ይበቃል ብለው የጻፉት ኮር አይ5 3470 የተባለውን የ2012 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 2 ጊጋባይት ያለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ካርድ ግን የሚያስፈልገው ዘንድሮ ለወጡት ጨዋታዎች ነበር። በቅሎ ለሚበቃው መንገድ የጭነት መኪና መግዛት ይሆናል።

በማግሥቱ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ዋጋውን በዚህ ዐምድ አልጽፍም፤ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ጋዜጣ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ባለበት አይቆይም። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ታላላቅ የኮምፒዩተር አዳራሾች ምርቱን ስለ ተሻሙት የራም ዋጋ በዓለም ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። የሩዝ አጫጁ ልጅ ከእነዚያ አዳራሾች ጋር በአንድ ገበያ ይጋፋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

የመጀመሪያው ባለሱቅ አንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር አሳየን። ይህ መንገድ የሚናቅ አይደለም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ም ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፣ በየአገሩ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ደኅና ደኅና ኮምፒዩተሮችን እየጣሉ ነው። ገንዘቡ በጣም ላነሰ ሰው ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ 75 ዋት ብቻ የሚፈልግ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ መጨመር ደግ ምክር ነው። ነገር ግን ሣጥኑን ሳይከፍት አይግዛ። ትንንሾቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች የሚቀበሉት ቁመቱ ያጠረውን ካርድ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላያቸውም ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ነው፤ መሰኪያው የፋብሪካው የራሱ ስለ ሆነ ደግሞ ነገ በሌላ ልቀይረው ቢሉ አይሆንም። የእህቴ ልጅ ወደፊት እየጨመረ የሚያሳድገው ዕቃ ስለ ፈለገ ይህን ትተን ሄድን።

ሁለተኛው ባለሱቅ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ አወጣ። መልኩ ያማረ፣ ዋጋውም የሚያባብል ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀር፣ ሌሊትና ቀን ሳያርፉ የሠሩ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለው ካርድ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ማራገቢያውና በውስጡ ያለው ቅባት ግን ያረጃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሐሰተኛው ነው። የድሮውን ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ወስደው፣ በውስጡ ያለውን ጽሕፈት ለውጠው፣ 1050 ቲአይ ነኝ እንዲል የሚያደርጉት አሉ። ዊንዶውስም አምኖ ያንኑ ይጽፋል። ጂፒዩ ዜድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ማታለል ያጋልጣልና በፍላሽ ይዞ መሄድ ይበጃል። እኛም ባለሱቁን፣ «ጨዋታ ከፍተን ግማሽ ሰዓት ያህል እንየው» አልነው። መብራት የለም አለን። አምፖሉ ግን ከራሱ በላይ ይበራ ነበር።

በሦስተኛው ሱቅ ተስማማን። የመረጥነው ራይዘን 5 5600ጂ የተባለውን ፕሮሰሰር ነው። ይህ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለውና ሥዕል የሚያወጣውን ክፍል በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ ለጊዜው ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ መጫወት ይቻላል። የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ ከተጫወቱ ልጁ የሚወዳቸውን ሁለቱን ጨዋታዎች አይቸገርባቸውም። ካርዱ ለሚመጣው መኸር ይቆየዋል።

ባለሱቁ ግን አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ሊሰጠን ነበር። አይሆንም፤ ሁለት ባለ 8 ስጠን አልሁት። «ያው ነው» አለ። ያው አይደለም። በፕሮሰሰር ውስጥ ያለው የሥዕል ክፍል የራሱ ማኅደር ስለሌለው ከራሙ ይበደራል፤ ሁለት ራም በየመሰኪያው ሲቀመጥ መረጃው በሁለት በር ይመላለሳል፣ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። ልዩነቱ ጨዋታው ላይ በዐይን ይታያል። ደግሞም ማዘርቦርዱ ቢ450 ከሆነ፣ እርሱ የወጣው ከፕሮሰሰሩ በፊት በ2018 ነውና፣ ባዮሱ መታደሱን እዚያው ማረጋገጥ ይገባል። አለዚያ አንበሳሜ ደርሶ ሲበራ ጥቁር መስኮት ብቻ ነው የሚታየው። ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ ለማከማቻው 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ወሰድን፤ ሞኒተሩ ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ነው፤ ባለመብራቱም ሣጥን በተራ ጥቁር ሣጥን ተተካ። ልጁ ዝም አለ፤ እንደ ከፋው ግን አወቅሁ።

ስለ ፓወር ሰፕላይ የራሴን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቼ ቤቴ አስገባሁና ሰካሁት። በስተኋላው ያለችው ትንሽ ቀይ መቀየሪያ 115 ላይ ነበረች። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ጧ! አለና ቤቱ በሚሸት ጭስ ተሞላ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ በእንግዳ ፊት ታወራዋለች። ስለዚህ እንዲህ ያለች መቀየሪያ ያየ ሰው ሳይሰካ በፊት 230 ላይ ትሁን። አዲሶቹና ደኅናዎቹ ፓወር ሰፕላዮች መቀየሪያ አያሻቸውም። እኛም ስሙ የታወቀ፣ 80 ፕላስ የሚል ምልክት ያለው ባለ 500 ዋት ገዛን። የሚመጣውን ዓመት ካርድም ይችላል። ርካሹን በእጅ ሲያነሡት ባዶ ቆርቆሮ ያህል ይቀልላል፤ ሲቃጠልም ብቻውን አይቃጠልም፣ ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

ጠባችን የመጣው በመጨረሻ ነው። በእጁ ላይ የቀረው ገንዘብ ወይ ለአንድ ያገለገለ ካርድ፣ ወይ ዩፒኤስ ለሚሉት የባትሪ ሣጥን የሚበቃ ነበር። ልጁ ካርዱን አለ፤ እኔ ባትሪውን አልሁ።

«ጋሼ፣ ባትሪ አይጫወት!» አለኝ።

«መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት አገር የወይፈኑን ዋጋ ያለ ጠባቂ ታሳድራለህ?» አልሁት። ብዙ አሰበና ዩፒኤሱን ያዘ። በዚህ ነገር እኔ ሽማግሌነቴን ተጠቅሜ እንደሆነ አልክድም።

ማታውን ከሳሎን ምንጣፍ ላይ ገጣጠመው። እኔ የማውቀው መምረጡን ነውና እጄን አላስገባሁም፤ ልጁ ብሎን ከማጥበቁ በፊት የሰውነቱን ኤሌክትሪክ ለማስወገድ ብረት ይነካ እንደ ሆነ ብቻ እጠብቅ ነበር። በመካከሉ፣ «ደጋ አገር ሙቀት አያስቸግርም አይደል?» አለኝ። ነገሩ ሁለት ፊት አለው። አየሩ በደጋ ስለሚሳሳ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ አንዳንድ ሠሪዎችም ለያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ከተፈቀደው የክፍል ሙቀት አንድ ዲግሪ ይቀንሳሉ። እንደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ላይ ቢሆን ወደ ዘጠኝ ዲግሪ መሆኑ ነው። ነገር ግን ብርዱ ያን ይክሳል። የበጋው አቧራ ነው ጠላቱ፤ በወር አንድ ጊዜ ማራገቢያውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ቁልፉን ተጫነ። መስኮቱ ሲበራ ሁለታችንም ሳናስበው ተነሥተን ቆምን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ ደወለች።

«ወንድምጋሼ፣ ያ ዕቃ ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ እንደ ጫጩት ይጮኽ ጀመር። ምን ሆኖ ነው?»

ዩፒኤሱ መሆኑን፣ ጩኸቱም ልጁ ጨዋታውን አስቀምጦ እንዲዘጋ የሚያስጠነቅቅበት መሆኑን ነገርኋት።

«ታዲያ ዘጋው?» አልኋት።

«የት ይዘጋል! ‹ትንሽ ደቂቃ ቀርቷል› ይለኛል እንጂ» አለች፤ ከኋላዋም የኳሱ ጨዋታ ጩኸት ይሰማኝ ነበር።